የአያት ስም የቆረጥኩበት ሳምንት

ይህ ስለ ራሴ ደግ ነገር የሚወራበት ታሪክ አይደለም፤ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ኮድ እጽፋለሁ፤ በሙያው ከእኔ የሚበልጥ ሰው በክልሉ ውስጥ ያለም አይመስለኝም። ተወልጄ ያደግኩት አቦቦ ነው። ወላጆቼ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚያው የቀሩ ገበሬዎች ናቸው። ከሰፈራችን በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቆ ደመወዝተኛ የሆነ የመጀመሪያው ሰው እኔ ስለሆንኩ፣ አባቴ ሰው ፊት "ኢንጂነሩ" እያለ ይጠራኝ ነበር። ኢንጂነር አለመሆኔን አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። ጥሞኝ ነበራ!

ሥራዬ እንዲህ ነው። ከኢታንግ አለፍ ብሎ ኩሌ የሚባል የስደተኞች መጠለያ አለ። እዚያ ድንበር ሲሻገሩ ከወላጆቻቸው የተለዩ ልጆች ይመዘገባሉ። ዘመድ ፈልጓቸው ሲመጣ የልጁን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የእናቱን ስም፣ ዕድሜውንና የመጣበትን መንደር ይጠየቃል። መልሱ ከመዝገቡ ጋር ከተመሳከረ ልጁ ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ ድሮ በወረቀት ነበር። እኔ መጥቼ ድረ ገጽ አደረግኩት። ሠራተኛዋ የሰውየውን መልስ ትሞላለች፣ ሲስተሙ ያመሳክራል፣ ከገጠመ አረንጓዴ ይበራል። አረንጓዴ በራ ማለት ልጁ ዘመዱን አገኘ ማለት ነው። የልጆች ጉዳይ ስለሆነ ደግሞ ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል፤ እኔም ምስጋና አልጠላም።

በዚያ ሳምንት ሰኞ አዲስ ገጽ ለቀቅኩ። በየጠዋቱ ታትሞ ካምፑ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ የልጆች ዝርዝር ነው። የልጆች ደህንነት ባለሙያዎቹ አንድ ነገር አጥብቀው ነግረውኛል፤ ግድግዳ ላይ የልጁና የአባቱ ስም ብቻ ይውጣ፣ የአያቱና የእናቱ ስም እንዲሁም መንደሩ አይታይ። አለበለዚያ ማንም ከግድግዳ ላይ አንብቦ "ልጄ ነው" ሊል ይችላል። ትክክል ናቸው። እኔም ዝርዝሩን ለገጹ ቴምፕሌት፣ ማለት የገጹን መልክ ለሚያወጣው ቅርጽ፣ ሰጠሁትና እዚያው ውስጥ የአያት ስምን የሚቆርጥ፣ የእናትን ስምና መንደሩን የሚያጠፋ ሦስት መስመር ጻፍኩ። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። ሞከርኩት፤ ሰሌዳው ላይ የወጣው ዝርዝር እንደ ንጹህ ሸሚዝ ያምራል። ለራሴ ምሳ ጋበዝኩ፣ ባሮ ዳር፣ ዓሳ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማርታ ከኩሌ ደወለች። ማርታ ልጆቹን የምትመዘግበውም የምታስረክበውም እሷ ናት። የኢታንግ ልጅ ናት፣ ኑዌር፣ የአራት ልጆች እናት፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ። በዕድሜ በአሥራ አምስት ዓመት ትበልጠኛለች። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ አታስረዝምም።

"ሀብታሙ፣ አንድ ሰው መጥቷል። ከጎግ ነው፣ ጋትሏክ ይባላል። የወንድሙን ልጅ ይፈልጋል፤ ኛማል ቾል።"

"ታዲያ ሙዪውና ይታያላ።"

"ሞላሁ። ሁለት ኛማል ቾል አሉ። የአያት ስም ባዶ ነው፣ የእናትም መንደሩም ባዶ። በፊት ነበረ። እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት።"

እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ እንግዶች ሲስተሙን የማስጎበኝበትን ስላይድ እያሳመርኩ ነበር። ለሚቀጥለው ሳምንት።

"ዕድሜዋ ስንት ነው አለ?"

"አምስት።"

"ከሁለቱ አምስት ዓመት የሆናት የቷ ናት?"

"አንዷ። ሌላዋ ዘጠኝ ናት።"

"እና ሲስተሙ ምን አለ?"

"ለትንሿ አረንጓዴ አለ።"

"በቃ፣ አለቀ።"

"ልቤ እሺ አላለም" አለችኝ። "ልጅቷ ዝም ብላለች። ሰውየውን አላወቀችውም።"

"እሱስ አይቷት ያውቃል?"

"አያውቅም። እሱ ወደዚህ ሲመጣ አልተወለደችም።"

"ታዲያ አይታው የማታውቀውን ሰው እንዴት ታውቀዋለች? ማርታ፣ ልብሽን ተይውና ስክሪኑን እዪ። አረንጓዴ ካለ ይዟት ይሂድ፣ ሰው አታጉላዪ።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በእናቴ ዕድሜ ባትሆንም በታላቅ እህቴ ዕድሜ ላለች ሴት እንዲህ ነው የመለስኩላት። "እሺ" አለችና ስልኩን ዘጋች፤ እኔም ወደ ስላይዴ ተመለስኩ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና ደወለች። ድምጿ ሌላ ነበር።

"እናት መጣች" አለች።

"የማን እናት?"

"የኛማል። አሁን ከድንበር ገባች፣ እግሯ ቆስሏል። ልጄ ኛማል ቾል ጋትዌች ትባላለች አለች። ከግራ ጉልበቷ በታች የእሳት ጠባሳ አላት አለች። ሀብታሙ፣ ያን ጠባሳ እኔ አውቃለሁ። ጠዋት የሄደችው ናት።"

ክው አልኩ። "ሰውየው የአያቷን ስም ማን ብሎ ነበር?" አልኳት።

"ቱት። ፎርሙ ላይ ጽፌዋለሁ።"

ቱትና ጋትዌች። ሕፃን ልጅ የሚለያቸው ሁለት ስም። ታዲያ እንዴት አረንጓዴ አለ? ዳታቤዙን፣ ማለት ዋናውን መዝገብ፣ ከፈትኩ፤ የተመዘገበው የአያት ስም ሁሉ በቦታው አለ፣ የእናቶቹም። የማስረከቢያውን ገጽ ከፈትኩ፤ ባዶ። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳሁት፤ ስሞቹ መጡ። የሰሌዳውን ገጽ አንድ ጊዜ ከፍቼ ተመለስኩ፤ ስሞቹ ጠፉ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ሙያው ለማይገባችሁ ላስረዳ። ማናችንም ቀበሌም ሆነ ባንክ ስንሄድ ኦርጅናሉን አሳይተን ኮፒውን እንሰጣለን። ኮፒው ላይ ቢሰረዝ፣ ቢቀደድ ጉዳይህ አይደለም። ፕሮግራም ውስጥ ግን አንድን ዝርዝር ለገጹ ቴምፕሌት ስትሰጠው፣ ካልተጠነቀቅክ የምትሰጠው ኮፒ አይደለም። "ዝርዝሩ እዚህ ጋ ተቀምጧል" ብለህ አድራሻውን ነው የምታቀብለው፤ እኛ በሪፈረንስ ማቀበል እንለዋለን። ገጹ እዚያ ሄዶ የሚቆርጠው ራሱን ኦርጅናሉን ነው። የእኔ ሲስተም ዝርዝሩን ከዳታቤዝ አንዴ ያነሳና ለፍጥነት ብሎ በእጁ ይዞት ይውላል፤ ሁለቱም ገጾች ከዚያው ያነባሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰሌዳው ሲታተም ቴምፕሌቱ የአያቶቹን ስም ይቆርጣል። ከዚያ በኋላ ማርታ የምታየው የተቆረጠውን ነው። በዚያ ላይ ብዙ ልጆች የአያታቸውን ስም ስለማያውቁ "ቦታው ባዶ ከሆነ እለፈው" የሚል መስመር ቀድሜ ጽፌያለሁ። ሲስተሙ ቱትን ከባዶ ጋር አመሳከረና አለፈው፤ የእናቷን ስምና መንደሩንም እንዲሁ። ሁለቱን ገጾች ለየብቻ እንጂ አንዱን ከሌላው አስከትዬ ሞክሬያቸው አላውቅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት ጤፍ አልነበረም።

ከመነሳቴ በፊት አንድ ነገር ፈለግኩ። መዝገቡ ላይ ሁለት ኛማል ቾል አሉ። ትንሿ የጋትዌች የልጅ ልጅ ናት፤ እናቷ መጥታለች። የዘጠኝ ዓመቷ ደግሞ የዴንግ የልጅ ልጅ ናት። ቱት የሚባል አያት ያላት ኛማል ቾል የለችም። ሙሉውን መዝገብ ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ የለችም። ሰውየው አራት ሰዓት ከኩሌ ወጥቷል፣ የወንድሙን ልጅ አገኘሁ ብሎ።

ፎርሙ ላይ ያስመዘገበውን ስልክ ሞከርኩ፤ አይሠራም። የድርጅቱን ሹፌር ጋሽ ታደሰን ከምሳቸው አስነሳኋቸው። ጋሽ ታደሰ የጎሬ ሰው ናቸው፣ ጋምቤላ መንገድ ላይ ያረጁ። መናኸሪያ ስንደርስ በአቦቦ አድርጎ ወደ ጎግ የሚሄደው ላንድክሩዘር ሰባት ሰዓት ላይ ወጥቷል አሉን።

"ረጅም ሰው፣ ሕፃን ያቀፈ አይታችኋል?"

"ከፊት ወንበር አስቀመጥነው" አለ ተራ አስከባሪው። "ልጅቱን ከእቅፉ አላወረዳትም። ማስቲካ ሁሉ ገዛላት።"

ማስቲካው አንጀቴን በላው።

ወደ አቦቦ በሚወስደው መንገድ ጋሽ ታደሰ ሲነዱ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ሙቀቱ መስኮት ተከፍቶም አይቻልም ነበር። ከአቦቦ ወዲያ ኔትወርክ የለም፤ ሰውየው ጎግ ከገባ ሌላ ቀን፣ ሌላ ሳምንት ሊሆን ነው። ልጅቷ ከእናቷ ከተለየች ጀምሮ ቃል ተንፍሳ እንደማታውቅ፣ ስሟንም ያስመዘገቡት አብረዋት የተሻገሩ ሰዎች እንደሆኑ ማርታ ነግራኛለች። ይህችን ልጅ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ከሰው የለየኋት እኔ ነኝ፣ ስላይድ ላይ ቁጭ ብዬ። ማርታ እኮ ጠዋት ነግራኝ ነበር።

"እሺ፣ ደረስንባቸው እንበል" አሉ ጋሽ ታደሰ በመጨረሻ። "ልጅቷን ተቀበልክ። ሰውየውን ምን ልትለው ነው?"

"ተሳስተናል እለዋለሁ።"

"ተሳስተናል? ወይስ ተሳስቻለሁ?"

መንገዱን እያዩ ነዱ፤ አልደገሙትም።

አቦቦ የደረስነው አሥር ሰዓት አልፎ ነው። ላንድክሩዘሩ ኬላው አጠገብ ቆሟል፤ ውስጡ ማንም የለም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወደ ጎግ መኪና ስለማይለቀቅ ተሳፋሪው እስከ ጠዋት ተበትኗል። መንገዱ መዘጋቱ በጀን ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ፣ ወዲያው ደግሞ ፍለጋው አስጨነቀኝ። ያደግኩበት ከተማ ነው፤ የማላውቀው ጥግ የለም። ሻይ ቤቶቹን ዞርኩ፣ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሄድኩ። አንድ የአባቴ ወዳጅ ከሩቅ "ኢንጂነሩ!" ብሎ ጠራኝ፤ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩት። ማንጎ የምትሸጥ አንዲት የአኝዋክ ሴት ናት በመጨረሻ በአገጯ ያመለከተችኝ። "ልጅ የያዘ ሰው? ቸርች ሄደ። ውሃ ጠየቀኝ፣ የልጅ እግር ላጥብ ብሎ።"

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር፣ ሰውየው ተንበርክኮ የልጅቷን እግር በጆግ ውሃ ያጥባል። ግንባሩ ላይ የኑዌር ወንድ ለጎልማሳነት ሲበቃ የሚቀረጽለት መስመር ያለው፣ አርባ የሚሞላው ሰው ነው። ልጅቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ውሃውን ታያለች። ከግራ ጉልበቷ በታች ጠባሳው አለ።

"ማሌ" አልኩት፤ በእነሱ ሰላምታ።

"ማሌ። ከድርጅቱ ነህ?" ሸሚዜ ላይ ያለውን ምልክት አይቶ ፈገግ አለ። "ወረቀቱ አለኝ። ተፈርሟል።" ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ፤ የእኔ ሲስተም ያተመው ወረቀት።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ በነነ። "አናግራሃለች?" አልኩት፣ ልጅቷን እያየሁ።

"አታወራም። እኔ የአባቶቿን ስም እነግራታለሁ። ቾል፣ ቱት፣ ኮንግ፣ ሁሉንም እስከ ሰባት ቆጠርኩላት። ዝም አለች። ሕፃን ናት፣ ረስታለች። ቀስ ብላ ታውቃለች።"

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ፤ ማርታ ናት። "አገኘሃቸው?" አለች። "አዎ" ስላት "ድምፁን ክፈተው" አለችኝ። ከፈትኩት። የሴት ድምፅ በኑዌርኛ አንድ ነገር አለ። የገባኝ "ኛማል" የሚለው ብቻ ነበር፤ ደጋግማ ትጠራታለች።

ልጅቷ ከድንጋዩ ላይ ተነሳች። እርጥብ እግሯን አፈር ላይ እየረገጠች መጣችና ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። "ማ" አለች። ከዚያ አለቀሰች፣ በወራት የተጠራቀመ ለቅሶ፤ እናትየዋም ወዲያ ማዶ እንዲሁ። እኔ ስልኬን ለቀቅኩላትና ዞር አልኩ፣ ዕንባዬን ሰው እንዳያይብኝ።

ስመለስ ጋትሏክ አሁንም እንደተንበረከከ ነው። ጆጉ በእጁ ነው። ማንም ሳያስረዳው ገብቶታል።

"ይቺ የሌላ ሰው ናት" አለ።

"አዎ።"

"እሺ።" ጆጉን አስቀመጠ። "እናት ካላት ጥሩ ነው።" እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ቀስ ብሎ ቆመ። በጣም ረጅም ሰው ነው። "ታዲያ የእኔዋ ኩሌ ናት? ሁለት ኛማል አለ ብላኛለች ሴትዮዋ።"

ይህን ጥያቄ ከጋምቤላ ጀምሮ ስፈራው ነው የመጣሁት። "ሌላዋ የዴንግ የልጅ ልጅ ናት" አልኩት። "የአንተዋ መዝገብ ላይ የለችም። አይቻለሁ፣ ሁሉንም።"

"አረንጓዴ አለ እኮ።"

"ተሳስቻለሁ። ሲስተሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። የአያት ስም ቆርጬ ነበር፤ ለግድግዳው ብዬ ስቆርጥ ከሁሉም ቦታ ተቆረጠ።"

ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። "እኛ ጋ ሰው በሁለት ስም አይታወቅም" አለ። "ሁለት ስም ያለው ሰው በጣም ብዙ ነው። ለዚህ ነው የምንቆጥረው።" ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ግቢው ጥግ ሄደና አጥሩን ይዞ ቆመ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሲያለቅስ ድምፅ አልነበረውም።

በማግስቱ ጠዋት አብሮን ወደ ኩሌ ተመለሰ። መመለስ አልነበረበትም፤ ቤቱ በጎግ በኩል ነው። "በእጄ ወስጃታለሁ፣ በእጄ ልስጥ" አለ። እናትየዋ በታሸገ እግሯ እየተጎተተች ከበር ስትወጣ ልጅቷ ከእቅፉ ዘላ ወረደች፤ ወደ ኋላም አላየችም። እናትየዋ ግን መጥታ እጁን ያዘች፣ ብዙ ነገርም አለችው። ምን እንዳለችው ማርታን ብጠይቃት "ይህ የአንተ አይደለም" አለችኝ።

ማርታ ሌላ ምንም አላለችኝም። "ትናንት ነግሬህ ነበር" ትለኛለች ብዬ ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩ። ማታ ልንሄድ ስንል ራሴ ቀረብኩና "ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት። "ትናንት ነግረሽኝ ነበር።"

"ነገርኩህ" አለች። "እኔም አረንጓዴውን አመንኩ። የእኔም ነው።"

የእሷ አልነበረም። ይህን ለአለቆቼ በጽሑፍ ሰጠሁ፤ ደመወዜ አልተቆረጠም፣ አልተባረርኩም፣ የእንግዶቹ ጉብኝት ግን ተሰረዘ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የተሰጡ ሌሎች ሁለት ልጆች ነበሩ። ማርታና እኔ ቤታቸው ድረስ ሄደን አጣራን፤ ሁለቱም ትክክለኛ ዘመዳቸው ጋ ነበሩ። እንደ ዕድል እንጂ እንደ ሥራዬ አይደለም።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መሃል ኮድ የሚጽፍ ካለ ለገጹ ኮፒ ስጡት፤ ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔን የለወጠኝ ግን እሱ አይደለም። በየመሥሪያ ቤታችን "ሲስተሙ ነው እንዲህ ያለው" የምንል ሰዎች በዝተናል። ሲስተሙን የሠራው ሰው ቸኩሎ፣ ምሳ ሰዓት ደርሶበት፣ ምስጋና ጠምቶት ሊሆን እንደሚችል እኔ አውቃለሁ፤ እናንተም እወቁ። ከፊታችሁ ቆሞ "ልቤ እሺ አላለም" የሚል ሰው ካለ፣ እባካችሁ ከወንበራችሁ ተነሱ። እኔ ያን ጠዋት አልተነሳሁም።

ጋትሏክ ኔትወርክ ወዳለበት ሲወጣ ይደውልልኛል። የልጅቷን ስም እስከ ሰባተኛው አያት ይቆጥርልኛል፤ አላቋርጠውም። እፈልጋለሁ፤ "የለችም" እለዋለሁ፤ "እሺ" ይላል። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት አዲስ ኛማል ቾል ተመዘገበች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ የአያቷን ስም አታውቅም፣ ቦታው ባዶ ነው። ሲደውል ልንገረው አልንገረው ጨነቀኝ፤ አንድ ጊዜ በባዶ ቦታ ተስፋ ሰጥቼዋለሁ። ሳልነግረው ዘጋሁና ለማርታ ደወልኩ። "አንቺ ምን ትያለሽ?" አልኳት።

"ምንም አትበለው" አለች። "መጀመሪያ ልጅቷን እኔ ላናግራት።"

እስካሁን መልሷን እየጠበቅኩ ነው።